ራሱን የቻለ የቪአር መነጽር ለቤት ሲገዙ በጅማ እንዴት እንደሚፈትሹት

የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ታስሮ ሰውን በምስል ዓለም ውስጥ ያለ የሚያስመስለውን መሣሪያ፣ የሚሸጥ ሰው ንግግሩን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ጥራት ነው፤ ስንት ፒክስል እንዳለው፣ ፕሮሰሰሩ የቱ እንደሆነ፣ ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ ይዘረዝራል። ገዢውም ስልክ ሲገዛ የለመደው ይህንኑ ስለሆነ ቁጥሮቹን አነጻጽሮ ይወስናል። እኔ ግን ጅማ ውስጥ ለራሴም ለወዳጆቼም ስፈትሽ ከቆየሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ አካውንቱን፣ ቀጥሎ የሚያደርገውን ሰው ዓይን፣ ከዚያ ቤቱን፣ የምስሉን ጥራት ደግሞ ወደ መጨረሻው አያለሁ። ምስሉ መካከለኛ የሆነ መነጽር ቢያንስ አገልግሎት ይሰጣል፤ በሰው አካውንት የታሰረ ወይም ከዓይንዎ ጋር የማይገጥም መነጽር ግን ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከሳጥኑ ሳይወጣ ይከርማል።

ራሱን የቻለ የሚባለው ፕሮሰሰሩም፣ ባትሪውም፣ ማከማቻውም፣ አካባቢውን የሚከታተሉት ካሜራዎችም በራሱ ላይ ያሉለት፣ ኮምፒውተርም ሆነ ገመድ ሳይፈልግ የሚሠራ መነጽር ነው። ስልክ የሚገባበት የፕላስቲክ ሳጥን በዚሁ ስም ሲሸጥ ያጋጥማል፤ እርሱ ሌንስ የተገጠመለት ማቀፊያ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ዓይነት፣ በ2018 እንደወጣው ኦኩለስ ጎ፣ ራሱን የቻለ ቢሆንም የጭንቅላትን መዞር ብቻ የሚከታተልና የሰውነትን መንቀሳቀስ የማያውቀው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሞዴሎቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ይህን ለመለየት ሰነድ ማንበብ አያስፈልግም። መነጽሩን አድርገው በምስሉ ውስጥ ወደሚታይ አንድ ነገር ጎንበስ ይበሉ። ነገሩ ወደ እርስዎ ከቀረበ ደህና ነው፤ ዓለሙ ሁሉ ከጭንቅላትዎ ጋር አብሮ ከሄደ ግን ፍተሻውን እዚያው ማቆም ይቻላል።

እኔ እዚህ ያየኋቸው አብዛኞቹ ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ የደረሱ ወይም ከአዲስ አበባ በሁለተኛ እጅ የመጡ የሜታ ኩባንያ ኩዌስት ሞዴሎች ናቸው፦ በ2020 የወጣው ኩዌስት 2፣ በ2023 የወጣው ኩዌስት 3 እና በ2024 የወጣው ኩዌስት 3ኤስ። አልፎ አልፎ የሌላ ኩባንያ ምርት የሆነውና በ2022 የወጣው ፒኮ 4 ይገኛል። በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ኩዌስት በርካሽ ዋጋ ቢቀርብልዎትም አይውሰዱት፤ አምራቹ ድጋፉን ያቋረጠበት ሞዴል በመሆኑ አዳዲስ አፕሊኬሽኖች አይመጡለትም። ከሜታ መደብር የተገዛ ጌም በፒኮ ላይ እንደማይሠራ፣ የፒኮውም በሜታ ላይ እንደማይሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወንድምዎ ወይም ጓደኛዎ ኩዌስት ካለውና አብራችሁ መጫወት ከፈለጋችሁ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስነው ይችላል።

አካውንቱ

የመጀመሪያ መነጽሬን የገዛሁት ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሻጭ ነበር። መነጽሩን ሲያሳየኝ ከ20 በላይ ጌሞች ተጭነውበት ስለነበር ዋጋውን ከፍ ያደረገው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገረኝ፤ እኔም ተገቢ መስሎኝ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ በራሴ አካውንት ለመክፈት ሪሴት ሳደርገው፣ ማለትም ያለበትን አጥፍቼ እንደ አዲስ ሳስጀምረው፣ ጌሞቹ በሙሉ ጠፉ። ጌሞቹ የተገዙት በእርሱ አካውንት እንጂ በመሣሪያው ስላልነበር፣ እኔ የገዛሁት ባዶ መነጽር ነበር። ሻጩ ዋሽቶኛል ለማለት ያስቸግራል፤ እርሱም ሳያውቀው ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግን ተጭኖ ለሚታይ ነገር አንዲት ብር አልከፍልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መነጽሩ በሻጩ ፊት፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት፣ ሪሴት ተደርጎ በእርስዎ አካውንት እንዲከፈት ማድረግ ነው። በኩዌስት ሞዴሎች ላይ መነጽሩን አጥፍተው የማብሪያውን ቁልፍና ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው ሲይዙ የምርጫ ዝርዝር ይመጣል፤ በድምፅ ቁልፎቹ ወደ ታች ወርደው ሁሉንም የሚያጠፋውን ምርጫ በማብሪያው ቁልፍ ያጸድቃሉ። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነና «ቤትዎ ሄደው ያድርጉት» ካለ፣ ለእኔ መልሱ በቂ ነው፤ ወደ ሌላ ሻጭ እሄዳለሁ።

ለዚህ ፍተሻ ሲሄዱ ሁለት ስልክ መያዝ ይመረጣል። አንዱ ሆትስፖት ተከፍቶለት ኢንተርኔት ያከፋፍላል፤ ሌላው የኩባንያው አፕሊኬሽን አስቀድሞ ተጭኖበትና አካውንትዎ ተከፍቶበት መነጽሩን በብሉቱዝ ያገናኛል። መነጽሩ ገና ሲከፈት የሶፍትዌር ማሻሻያ ሊጠይቅ ስለሚችል ጥቂት ጊጋባይት የሚበቃ ጥቅል ቢኖርዎት መልካም ነው። አካውንቱን ግን ሻጩ ዘንድ ቆመው ሳይሆን ቤትዎ ሆነው፣ በራስዎ ኢሜይል፣ ከአንድ ቀን በፊት ይክፈቱት። ኩዌስት 2 ሲወጣ የፌስቡክ አካውንት ግዴታ ነበር፤ ከ2022 ነሐሴ ወዲህ ግን የሜታ አካውንት ብቻውን ይበቃል፤ ስለዚህ ሻጩ የእርሱን ፌስቡክ እንዲጠቀሙ ቢጋብዝዎት ምክንያት የለውም።

ከአካውንቱ ጋር የሚሄደው የክፍያ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ሜታ መነጽሮቹን በይፋ ከሚሸጥባቸው አገሮች መካከል ስላልሆነች ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፦ እዚህ የሚገዛ መነጽር የአምራቹን ዋስትና ተስፋ ማድረግ አይችልም፤ ከመደብሩ ጌም ለመግዛትም በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ካርድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ካርድ ከሌለዎትና ውጭ አገር የሚከፍልልዎት ዘመድ ከሌለ፣ የሚጠቀሙት በነፃ በሚገኙት ብቻ ይሆናል። ነፃዎቹ ጥቂት አይደሉም፤ ይሁንና መነጽሩን የሚገዙት ለአንድ የተወሰነ ዓላማ ከሆነ፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪ ለሆነች ልጅዎ የሰውነትን ክፍሎች በሦስት አቅጣጫ እንድታጠና አስበው ከሆነ፣ የሚፈልጉት አፕሊኬሽን ለዚያ ሞዴል መኖሩንና ዋጋው ስንት እንደሆነ በስልክዎ መደብሩን ከፍተው ያረጋግጡ፤ መነጽሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዓይንዎ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ደግሞ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ፍተሻ ይህ ነው። በሁለቱ ዓይኖች ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። በአዋቂዎች ዘንድ አማካዩ 63 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም 56 ያለውም 71 ያለውም ሰው ብርቅ አይደለም። የመነጽሩ ሁለት ሌንሶች መሐል ለመሐል ከዓይንዎ ብሌን ፊት ካልተቀመጡ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይን ይደክማል፣ ግንባር ላይ ራስ ምታት ይጀምራል፤ ሰውየውም «ቪአር አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። የማይስማማው ግን ቪአሩ ሳይሆን የሌንሶቹ ርቀት ሊሆን ይችላል።

ርቀቱን ለመለካት የተማሪ ማስመሪያና መስታወት ይበቃሉ። ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ማስመሪያውን ከቅንድብዎ ሥር አጋድመው ይያዙ። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው ዜሮውን ከግራ ዓይንዎ ብሌን መሐል ጋር ያስተካክሉ። ከዚያ ጭንቅላትዎም ማስመሪያውም ሳይንቀሳቀስ ግራውን ጨፍነው ቀኙን ይክፈቱና የቀኙ ብሌን መሐል የሚያርፍበትን መስመር ያንብቡ። አንድ ጊዜ ለክተው አይመኑ፤ ሦስት ጊዜ ደግመው መካከለኛውን ይውሰዱ። የዓይን መነጽር የሚያሠሩ ቤቶችም ይህንኑ ስለሚለኩ መነጽር ያለዎት ከሆነ ቁጥሩን ከእነርሱ መጠየቅ ይችላሉ። በቤቱ የሚጠቀሙትን ሰዎች ሁሉ ለክተው በወረቀት ይጻፉ።

አሁን ቁጥሩን ከመነጽሩ ጋር ያገናኙ። ኩዌስት 2 እና ኩዌስት 3ኤስ ሌንሶቻቸው በሦስት ቦታ ብቻ ይቆማሉ፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር። ኩዌስት 3 ደግሞ ከሥሩ ባለው ጎማ መሰል መዞሪያ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሄድ ከ53 እስከ 75 ሚሊሜትር ላለው ሰው ይስማማል። ፒኮ 4 ከ62 እስከ 72 ስለሚሄድ ዓይናቸው ለተራራቀ ሰዎች ይመቻል፤ 57 ለሆነች እህት ግን አይሆንም። ታላቅ ወንድሜ 72 ሚሊሜትር ነው። በእኔ ኩዌስት 2 ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይቶ አያውቅም ነበር፤ የልቡ ድካም፣ ዕድሜው፣ የበላው ነገር ሁሉ ሲወቀስ ከርሞ አንድ ቀን ኩዌስት 3 ተውሰን ስናስተካክልለት አንድ ሙሉ ፊልም አይቶ ተነሣ። ስለዚህ ሁሉም የቤት ሰው ከ56 እስከ 70 ባለው ውስጥ ከሆነ ርካሹ በቂ ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ሰው ካለ ለኩዌስት 3 የሚጨመረው ገንዘብ የሚወጣው ለፒክስል ሳይሆን ለዚያ ሰው ዓይን ነው።

የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች መነጽራቸውን አድርገው መፈተሽ አለባቸው። ስክሪኑ ከዓይን ጥቂት ሴንቲሜትር ቢርቅም ሌንሶቹ ምስሉን ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ እንዳለ ነገር አድርገው ስለሚያሳዩት፣ የሩቅ እይታ የሚያስቸግረው ሰው ቪአር ውስጥም ያስቸግረዋል። ዋናው አደጋ የመነጽርዎ መስታወት ከቪአሩ ሌንስ ጋር ተፋትጎ ሁለቱም መጫጫራቸው ነው። ከኩዌስት 2 ጋር ሌንሱን ከዓይን የሚያርቅ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት አብሮ ይመጣል፤ በሁለተኛ እጅ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው እርሱ ስለሆነ ይጠይቁ። በኩዌስት 3 ላይ ርቀቱ በራሱ በመነጽሩ ይስተካከላል።

ክብደቱና ማሰሪያው

ኩዌስት 3 ክብደቱ 515 ግራም ነው፤ ኩዌስት 2 እና 3ኤስም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በግንባርዎ ላይ ግማሽ ኪሎ ቡና ታስሮ እንዳለ ያስቡት። ሁለት ደቂቃ ሲያደርጉት ስለማይታወቅ ፍተሻው ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ሻጩ ቢቸኩልም እርስዎ ወንበር ስበው ይቀመጡ። የማሰሪያው የኋላ ክፍል ከማጅራት ከፍ ብሎ ከጭንቅላት እብጠት ሥር መግባት፣ የላይኛው ማሰሪያም አብዛኛውን ክብደት መሸከም አለበት። ጉንጭዎ ከተጫነ ያጠበቁት የተሳሳተውን ማሰሪያ ነው።

ፍተሻው በቤትዎ እንደሚሆኑት ሆነው ይሁን። ሒጃብ የምታደርግ ሴት ሒጃቧን አድርጋ ትሞክረው፤ በሚያንሸራትት ጨርቅ ላይ ለስላሳው ማሰሪያ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ጥጥ ጨርቅ ወይም በኋላ በኩል የሚጠብቅ ጠንካራ ማሰሪያ ያስፈልጋታል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ የላይኛውን ማሰሪያ በሹሩባዎቹ መሐል ታሳልፈው። ቅቤ የተቀባ ጭንቅላት ግን ቅቤው ታጥቦ እስኪለቅ ድረስ ይታገሥ፤ ቅቤ የጠጣ ማሰሪያ ሽታው በምንም ሳሙና አይለቅም፤ ይህን የምናገረው ከልምድ ነው።

ፊትን የሚነካው ስፖንጅ በእንግዳ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። መነጽሩ እንደገባ ጎረቤት ሁሉ ሊሞክረው ይመጣል፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። ላብና የዓይን ፈሳሽ በስፖንጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ የሚጠረግ የሲሊኮን ሽፋን መኖሩን ይጠይቁ። ኩዌስት 2 በወጣ በዓመቱ በአንዳንድ ሰዎች ፊት ላይ ሽፍታ በማውጣቱ አምራቹ እንዲህ ያለውን ሽፋን ለባለቤቶቹ ሰጥቷል፤ የሚገዙት ኩዌስት 2 ሽፋኑ ከሌለው ከዋጋው ለመከራከር በቂ ምክንያት ነው።

ቤትዎ

ቆሞ ለመጫወት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባዶ ወለል ያስፈልጋል። ይህን በሜትር ለክተው ያረጋግጡ፤ በዓይን ግምት ሰፊ የሚመስል ሳሎን ሶፋው፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫውና ጠረጴዛው ሲቀነሱ ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ካልበቃ መነጽሩ አይረባም ማለት አይደለም፤ ተቀምጦ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ለስፖርት ብለው የሚገዙ ከሆነ ግን ቦታው ሳይኖር መግዛት ትርጉም የለውም።

መነጽሩ የመጫወቻ ወሰን እንዲያሰምሩ ይጠይቅዎታል፤ ወደ ወሰኑ ሲጠጉም መስመሩን ያሳይዎታል። ወሰኑ ግን ከተሰመረ በኋላ የመጣውን ነገር በእርግጠኝነት አያውቅም። በእኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ከጉልበት በታች ስለሆነ ከዓይን ይሰወራል፤ አንድ ሰው ረከቦቱን ወይም ከሰል የያዘውን ምድጃ መሐል ወለል ላይ አምጥቶ ያስቀምጣል። ቡና እየተፈላ ቪአር አይደረግም፤ በእኔ ቤት ይህ ሕግ ነው። የዕጣኑ ጢስም ሌንሱ ላይ ቀጭን ሽፋን ስለሚጥል መነጽሩ በዚያ ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

ካሜራዎቹ ቦታዎን የሚያውቁት በብርሃን ስለሆነ በጨለማ ክፍል ምስሉ ይዋልላል ወይም ጨርሶ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ለመጫወት አይሞክሩ። የእኛ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ሄርዝ ነው። መነጽሩ ከአሜሪካ የመጣና ለ60 ሄርዝ የተስተካከለ ከሆነ አንዳንድ አምፖሎች ሥር ውጭውን በካሜራ ሲመለከቱ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ የእጅ መቆጣጠሪያዎቹም ይንቀጠቀጣሉ። በቅንብሩ ውስጥ የክትትል ድግግሞሹን ወደ 50 ሄርዝ ማዞር ይፈታዋል፤ ይህን ሳያውቁ «ካሜራው ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ መነጽር አይቻለሁ፤ ገዢው ዕድለኛ ነበር።

ዝናቡ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። የጅማ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የመነጽሩ ድምፅ ማጉያዎች ከጆሮ ውጭ የተቀመጡ ስለሆኑ ምንም አይሰሙም። ኩዌስት 2 እና ኩዌስት 3 የተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አላቸው፤ ኩዌስት 3ኤስ የለውም። በብሉቱዝ ማዳመጫ ፊልም ማየት ይቻል ይሆናል፤ ድምፁ ትንሽ ስለሚዘገይ በምት ለሚሄድ ጌም ግን አይሆንም። የክረምቱ እርጥበት በሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሻጋታ እንዳያመጣ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩ። ሁለተኛ እጅ ሲገዙም የስልክዎን መብራት ከጎን አብርተው በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር መኖሩን ይመልከቱ።

ምስሉ፣ ባትሪውና እጆቹ

ኩዌስት 2 እና 3ኤስ ለእያንዳንዱ ዓይን 1832 በ1920 ፒክስል፣ ኩዌስት 3 ደግሞ 2064 በ2208 ፒክስል አላቸው። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን የሚያመጣው የሌንሱ ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፍሬኔል ሌንስ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦገስተን ፍሬኔል ከ200 ዓመት በፊት ለባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች የሠራው በክብ በክብ የተቆራረጠ ሌንስ ነው። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲታይ ብርሃኑ በዙሪያው ይረጫል፤ ጥርት ያለውም መሐሉ ብቻ ነው። የኩዌስት 3 እና የፒኮ 4 ፓንኬክ ሌንስ ግን እስከ ዳር ድረስ ጥርት ይላል። ለመፈተሽ ጽሑፍ የበዛበት ገጽ ከፍተው ጭንቅላትዎን ሳያዞሩ በዓይንዎ ብቻ የመስመሩን መጨረሻ ለማንበብ ይሞክሩ። በመነጽሩ ብዙ ለማንበብ ካላሰቡ ልዩነቱ ያን ያህል አያሳስብዎ።

ሊታለፍ የማይገባው የፀሐይ ቃጠሎ ነው። የመነጽሩ ሌንስ እንደ ማጉያ መነጽር ስለሚሠራ በመስኮት የገባ የፀሐይ ብርሃን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስክሪኑን ያቃጥላል፤ ይህም አይጠገንም። ሙሉ ነጭ ምስል ከፍተው በእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው ይመልከቱ፤ ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ የማይንቀሳቀስ ቢጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አይግዙት።

ባትሪው በአዲስነቱ ከሁለት ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ ይህ የመሣሪያው ጠባይ ነው። መቶ በመቶ ከሞላ በኋላ 30 ደቂቃ ጌም ይጫወቱበትና ስንት እንደወረደ ያንብቡ። ከ20 እስከ 25 በመቶ መውረዱ የተለመደ ነው፤ 40 በመቶ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ስለሆነ መቀየሩ ተራ ሥራ አይደለም። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ግን ጥሩ ፓወር ባንክ በታይፕ ሲ ገመድ ሰክተው ኪስዎ ውስጥ ከተው መጫወት ይቻላል። ከግድግዳ ሲሞሉ የኃይሉ መጠን ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይጠቀሙ።

የኩዌስት የእጅ መቆጣጠሪያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ትንሽ ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ክዳኑን ከፍተው የፈሰሰ ድንጋይ የተወው አረንጓዴ ዝገት መኖሩን ይዩ። በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሰውን ዱላ ሳይነኩት ጠቋሚው ወይም ምስሉ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ዱላው አልቋል። እጆችዎን ከኋላዎ ደብቀው ወደ ፊት ሲመልሱ መቆጣጠሪያዎቹ ወዲያው በቦታቸው መታየት አለባቸው። ማይክሮፎኑንም በአንድ የድምፅ ቅጂ ይሞክሩት።

ልጆችና ማቅለሽለሽ

የሜታ አካውንት ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀድም፤ ከ10 እስከ 12 ላሉት በወላጅ የሚተዳደር አካውንት ያስፈልጋል። ለልጆች ብለው የሚገዙ ወላጆች ይህን ከመግዛታቸው በፊት ይወቁት፤ የልጁም የዓይን ርቀት ከ58 ሚሊሜትር በታች ሊሆን ስለሚችል የመለኪያው ጉዳይ በእጥፍ ይመለከታቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ወይም በልቡ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያድርገው።

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ «ተቀምጠናል» ስለሚል ነው፤ በመኪና መንገድ የሚያስመልሰው ሰው እዚህም ይቸገራል። ፍተሻውን በዱላ ከሚነዱበት ጌም አይጀምሩ፤ ባሉበት ቆመው ከሚጫወቱት ይጀምሩ፤ ምራቅዎ መብዛት እንደጀመረ ወዲያው ያውልቁት። በመጀመሪያው ቀን መታገል ሰውነትን አያለማምድም፤ ይልቁንም ለሚቀጥለው ቀን መነጽሩን ሲያዩት ብቻ እንዲያቅለሸልሽዎ ያደርጋል።

ዋጋውን በሚነጋገሩበት ጊዜ

የሚነጻጸርበትን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ኩዌስት 3ኤስ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 299 ዶላር፣ ኩዌስት 3 ደግሞ 499 ዶላር ነበር፤ በዚህ ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይጨመራል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ የድሮ የብር ዋጋ ማነጻጸሪያ አይሆንም፤ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ራስዎ ያስሉት። አሮጌው ኩዌስት 2 ከአዲሱ 3ኤስ በጥቂት ሺህ ብር ብቻ ካነሰ፣ የ3ኤስ ፕሮሰሰር በአንድ ትውልድ የላቀና ውጭውንም በቀለም የሚያሳይ ስለሆነ አሮጌውን ለመምረጥ ምክንያት አይታየኝም።

ከአዲስ አበባ አስልከው ከሆነ፣ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ችግር ያለበትን መልሶ መላክ ድካሙም ወጪውም የእርስዎ እንዳይሆን አስቀድመው ይስማሙ፤ ከተቻለም እዚያ ያለ የሚያምኑት ሰው ይህን ፍተሻ በእርስዎ አካውንት እንዲያደርገው ያድርጉ። የዓይን ርቀትዎን ለክተው ከላኩለት ሌንሱን በእርስዎ ቁጥር ላይ ማቆም ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በሳጥኑ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር በመነጽሩ ቅንብር ውስጥ ከሚታየው ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩንም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ቻርጀሩን፣ የዓይን መነጽር ቀለበቱንና ሁለቱን የእጅ ማሰሪያ ክሮች ቆጥረው ይረከቡ። ሌንሱን ለማጽዳት አልኮል አይጠቀሙ፤ ደረቅ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ብቻ ይበቃል። ወደ ቤት ሲሄዱም መነጽሩን ሌንሱ ወደ ላይ ሆኖ ከመኪናው መስታወት ሥር አያስቀምጡት።